ነጭ የደም ሴልዎ ደጋግሞ ዝቅ ሲል ምን ያደርጋሉ?

እኅቴ ከአንድ ክሊኒክ የወጣችው በቀይ እስክሪብቶ የተከበበ 2.8 ያለበት ወረቀት ይዛ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ የነገራት አልነበረም። ካንሰር ነው ብላ ደምድማ ከፒያሳ እስከ ቤት እያለቀሰች መጣች። ካንሰር አልነበረም። ያን ቀን ማወቅ የነበረብንን ነው እዚህ የምጽፈው።

በመጀመሪያ ቁጥሩን ያንብቡ። 2.8 ማለት በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 2,800 ነጭ የደም ሴል ነው፤ ብዙ ላብራቶሪዎች ከ4,000 እስከ 11,000 ያለውን ደህና ይሉታል። ከድምሩ ይልቅ ግን ኒውትሮፊል የሚባለው የነጭ የደም ሴል ዓይነት ብዛት ይበልጥ ወሳኝ ነው፤ ባክቴሪያን ቀድሞ የሚገጥመው እሱ ነውና። ድምሩን በኒውትሮፊል መቶኛ አባዝተው ለ100 ያካፍሉ። የእኅቴ 45 በመቶ ስለነበር 1,260 መጣ። ከ1,000 እስከ 1,500 ቀላል፣ ከ500 እስከ 1,000 መካከለኛ፣ ከ500 በታች ከባድ ይባላል። ማሽኑ ያወጣው ውጤት ካጠራጠረ ደሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ይጠይቁ።

ቀጥሎ ምርመራውን ይድገሙ። ተራ ጉንፋን እንኳ ቁጥሩን ለጊዜው ያወርደዋል፤ ሥር የሰደደ የሚባለው ከሦስት ወር በላይ ሲቆይ ነው። የድሮ ውጤቶችንም ይፈልጉ። የላብራቶሪ ወረቀት ስለሚደበዝዝ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። እኛ የእኅቴን የእርግዝና ክትትል ወረቀት ከሣጥን ሥር አውጥተን በመስኮቱ ብርሃን ብናየው፣ የዛሬ ሰባት ዓመትም 3.1 ነበር። ያን ጊዜ ነው ትንፋሻችን የተመለሰው።

ምክንያቱም ብዙዎቻችን ስንፈጠር ጀምሮ ኒውትሮፊላችን ዝቅ ያለ ነው። ዳፊ የሚባለው ምልክት በቀይ የደም ሴላቸው ላይ የሌለባቸው ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ ከአፍሪካውያን ብዙዎቹ ይህን ከወላጆቻቸው ይወርሳሉ። ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤሎች ላይም ዝቅተኛ ቁጥር እንደሚታይ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጽፈዋል። እነዚህ ሰዎች ከሌላው ይልቅ አይታመሙም፤ መድኃኒትም አያስፈልጋቸውም። ቁጥሩ ለዓመታት እዚያው የቆየ፣ ጤናዎም ደህና ከሆነ ይህን ለሐኪምዎ ያንሱ።

ይህን ከመደምደም በፊት ግን ሌላው መጣራት አለበት። መተማ ወይም ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው ነበር? ሳምንታት የዘለቀ ትኩሳት፣ ክሳት፣ በግራ ጎንዎ ያበጠ ጣፊያ ካለ ካላዛርን ማሰብ ግድ ነው። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ይህ በሽታ ነጩንም ቀዩንም ደም ያወርዳል፤ ካልታከመ ይገድላል። ለዚሁ በሽታ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለ። የኤችአይቪ ምርመራም አይዝለሉ።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ሰብስበው ይዘው ይሂዱ። ለእንቅርት የሚሰጠው ፒቲዩ፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን፣ ኮትሪሞክሳዞልም ሊያወርዱት ይችላሉ። ያለ ሐኪም ግን አያቋርጡ። ጾም የሚያበዙ፣ ሥጋና ወተት ለረጅም ጊዜ የማይቀምሱ ከሆነም ቫይታሚን ቢ12 ይለኩ፤ እጥረቱ በመርፌ ወይም በኪኒን ይስተካከላል።

ከነጩ ጋር ቀዩ ደም ወይም ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው) አብሮ ከወረደ፣ ንፍፊት ካበጠ፣ ሌሊት በላብ ከተጠመቁ ቀጠሮ አያራዝሙ። የአጥንት መቅኒ ናሙና ሊያስፈልግ ይችላል።

ኒውትሮፊላቸው ከ1,000 በታች የሆነ ሰዎች ጥርሳቸውን በየቀኑ ይንከባከቡ፣ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይተዉ፣ ክትባታቸውን ሐኪም ጠይቀው ያሟሉ። ቴርሞሜትርም ቤት ውስጥ ይኑራቸው። 38 ዲግሪ ካለፈ፣ በተለይ ከ500 በታች ለሆነ ሰው፣ እስኪነጋ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ፒቲዩ የሚወስድ ሰው ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከጀመረው ቁጥሩ ዝቅተኛ መሆኑን ባያውቅም በዚያው ቀን ደሙን ያስመርምር። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝተው አይተኙ፤ ፓራሲታሞልም ትኩሳቱን ሸፍኖ ያዘናጋዎታል። ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ካርድ ስታወጡ፣ ወረፋ ስትጠብቁ ሳይሆን ገና በሩ ላይ «ኒውትሮፊሌ ዝቅተኛ ነው፤ ትኩሳት ይዞኛል» ብለው የላብራቶሪ ውጤትዎን ፎቶ ያሳዩ።