የኪያፕ ሪፖርት እንዴት ይነበባል (እኔ ተሳስቼ የተማርኩትን)

ጅማ ሆናችሁ ስለ ቅኝ ግዛት አስተዳደር ፔፐር የተሰጣችሁ ልጆች፣ ይሄ ለናንተ ነው። ኪያፕ የሚባሉት አውስትራሊያ ፓፑዋ ኒው ጊኒን ስታስተዳድር ጫካና ተራራው ውስጥ ያሰማራቻቸው፣ ብዙዎቹ ገና ወጣት የሆኑ መኮንኖች ናቸው። አንዱ ሰውዬ ፖሊስም ዳኛም ህዝብ ቆጣሪም መንገድ አሰሪም ነው። በአምስቱ ዓመት እኛ ጋ የነበረውን የጣልያን ሬዚደንቴ አስቡት፣ ግን ለሳምንታት በእግሩ ከመንደር መንደር የሚዞር።

ከዙሩ ሲመለስ ሪፖርት ይጽፋል። ብዙዎቹ ስካን ተደርገው ሳንዲያጎ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ኦንላይን በነጻ አስቀምጧቸዋል። ፋይሉ ከባድ ስለሆነ ፈረንጅ አራዳ አንዱ ካፌ ጠዋት በጊዜ ገብታችሁ መብራት ሳይጠፋ አውርዱት፣ ክረምት ከሆነማ እኔን አትጠይቁኝ።

አሁን ዋናው ነገር፣ "የሀገሬው ጉዳይ" ከሚለው ክፍል እንዳትጀምሩ። እኔ ከዛ ጀምሬ አስራ አምስት ገጽ ጻፍኩ፣ ደስ ብሎኝ ሰጠሁ፣ አማካሪዬ ጠርዙ ላይ በእርሳስ አንድ ነገር ብቻ ጽፎ መለሰልኝ፦ "ሳጥኑን ማን ተሸከመው?"

ሳጥኑ የኪያፑ ዕቃ የሚገባበት የብረት ሳጥን ነው። በእንጨት ይንጠለጠልና አንድ ሰው ከፊት አንድ ሰው ከኋላ ሆነው በትከሻቸው ያዞሩታል፤ ሩዝ፣ ጣሳ ምግብ፣ ፋኖስ፣ መዝገብ፣ ለተሸካሚ የሚከፈለው ጨው ሳይቀር እዛው ውስጥ ነው። ከጨው ሌላ ዛጎልና ጨሌ፣ ትምባሆ የሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣም ይከፈል ነበር።

ስለዚህ ሪፖርቱ ውስጥ ያለውን የኪያፑን የቀን ማስታወሻ ቀድማችሁ አንብቡና ኤክሴል ላይ አውጡት፣ ቀን፣ የተነሱበት ሰዓት፣ የደረሱበት ሰዓት፣ ዝናብ ነበረ ወይ፣ ስንት ተሸካሚ፣ ምን ተከፈለ። ከዛ በኋላ ነው አስተያየቱን የምታነቡት። "ሰዎቹ ሰነፎች ናቸው" ሲል የዛን ቀን ረድፍ ማየት ነው፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ በዝናብ ዳገት የእሱን ሳጥን ይዘው ወጥተው ይሆናል። ሐምሌ ላይ ጌራ በጭቃ በእግሩ የሄደ ሰው ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ቀጥሎ የህዝብ ቆጠራው። መንደርተኛው ተሰልፎ ስም በመዝገብ እየተጠራ ነው የሚቆጠረው፤ ወደ ስራ የሄዱ የሚለው አምድ ጋ ቁሙ፣ እነሱ በብዛት ፕላንቴሽን የገቡ ወንዶች ናቸው። ያ ቁጥር ትልቅ ሆኖ ኪያፑ ደግሞ እርሻው ተረሳ እያለ ካማረረ መልሱ እዛው ገጹ ላይ አለላችሁ። ሉሉአይና ቱልቱል የሚሉ ቃላት ይገጥሟችኋል፣ መንግስት ኮፍያ አድርጎ የሾማቸው የመንደር ሰዎች ናቸው፣ በኛ ጭቃ ሹም በሉት። የሚመሰገነው መንገድ ያስጠረገና ሰው ቶሎ ያሰለፈ ነው፣ ህዝቡ ይወደው አይወደው ሌላ ጉዳይ ነው።

የአለቃውን ደብዳቤም አትዝለሉ። የዲስትሪክት ኮሚሽነሩ ሪፖርቱን ወደ ዋና ከተማው ፖርት ሞርስቢ ሲልክ የራሱን አስተያየት ያያይዛል፣ አንዳንዴ ልጁን ልክ ልኩን ይነግረዋል። ኪያፑ ለማን ብሎ እንደሚጽፍ እዛ ጋ ይገባችኋል።

ተኩስ ካለ ግሱን እዩ። "ተተኮሰ" ብሎ ካለፈ ማን ተኮሰ በሉ፣ አብረውት የዞሩትን ፖሊሶች ዝርዝር ፈልጉ። ዓመቱም ይለያያል፣ እ.ኤ.አ. 1935 መኮንኑ ጃክ ሃይድስና ጓደኞቹ መንግስት ከዛ በፊት ያልደረሰበት ሸለቆ ሲገቡ የተጻፈና 1953 ቴሌፎሚን የሚባል ቦታ ላይ ሁለት መኮንኖችና ሁለት ፖሊሶች ከተገደሉ በኋላ የተጻፈ እኩል አይነበብም። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ነጻ የወጣችው በኛ መስከረም 5 ቀን 1968 ነው፣ ደርግ ገና ዓመቱን እንደደፈነ፣ የዘመን አቆጣጠሩን እንዳታምታቱት።

ኤክሴሉ ላይ የተሸካሚ ቁጥር ያላገኛችሁበትን ቀን ባዶ ተዉት፣ በግምት እንዳትሞሉት። የኔ አማካሪ ሁለተኛው ድራፍት ላይ ያከበበው እነዛን ባዶ ቦታዎች ነበር።