ስኳር፣ ግፊትና ቦርጭ ሲደራረቡ፦ የአንጎልን ደም ሥር ለመጠበቅ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

ነርስ ነኝ፤ የምሠራው የስኳርና የግፊት ክትትል ክፍል ውስጥ ነው። «ስኳሬም ግፊቴም ትንሽ ነው፣ አያሳስብም» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እኔን ግን ያሳስበኛል። ትንሽ ከፍ ያለ ስኳር፣ ትንሽ ከፍ ያለ ግፊት፣ ቦርጭና የደም ቅባት አንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ የአንጎል ደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ስብ እየተጠራቀመ መተላለፊያው ይጠባል። ሕመም የለው፣ ምልክት የለው። ራስ ቅል ውስጥ ያሉት ደም ሥሮች መጥበብ ደግሞ ከነጮች ይልቅ በጥቁሮችና በእስያውያን ላይ በብዛት ይታያል።

በወገብ ጀምሩ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ልብስ ገልጣችሁ፣ በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት መሃል፣ አየር ካስወጣችሁ በኋላ ለኩ። ሆድ መሳብ የለም። የሱሪ ቁጥርም አይሆንም፤ ወንዶች የሚታጠቁት ከቦርጫቸው በታች ነው። ሴት 80፣ ወንድ 94 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ አንድ ብላችሁ ቁጠሩ። ግፊት ከ130/85 ጀምሮ፣ የባዶ ሆድ ስኳር ከ100 ጀምሮ፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ቅባት ከ150 ጀምሮ፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 በታች ከሆነ እያንዳንዱ አንድ ነው። ለእነዚህ መድኃኒት የሚወስድም ይቆጠርበታል። ከአምስቱ ሦስቱ ከተገኙ ክትትል ጀምሩ፤ ቀጠሮ አታሳልፉ።

ግፊት ቤት ውስጥ ሲለካ ብዙ ጊዜ ይበላሻል። እናት ቡናዋን እየጠጣች፣ ክንዷ ከሹራብ በላይ ተጠምጥሞ፣ ከጎረቤት ጋር እያወራች ይለካል። እንዲህ የመጣ ቁጥር አይታመንም። ከቡና በኋላ 30 ደቂቃ ይለፍ። ሽንት ቤት ትሂድ። ጀርባዋን አስደግፋ፣ እግሯን ሳታነባብር መሬት አስረግጣ 5 ደቂቃ ዝም ብላ ትቀመጥ። ጨርቁ ባዶ ክንድ ላይ ይታሰር፤ ክንዷ ጠረጴዛ ላይ በልቧ ትይዩ ይረፍ። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ለኩና ሁለቱንም ጻፉ። ጠዋት መድኃኒት ከመዋጧ በፊት፣ ማታም እንደገና። የሳምንቱ አማካይ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ለሐኪም አሳዩ።

ጨው ላይ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ወፍጮ ቤት የሚሄደው በርበሬና ሽሮ ጨው አይግባበት። ወጡ ሲሠራ ሌላ ጨው ስለሚጨመር ማንም ልኩን አያውቀውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ሁሉም ተደምሮ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። የሚረጋውን ዘይትና ቅቤውን ቀንሱ። ለስላሳ ይቅር። በእግር መሄድ ይልመድ።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ «ግፊቴ ተስተካከለ» ብሎ ማቆም በጣም ያሳዝነኛል። የተስተካከለው በመድኃኒቱ ነው! የስኳር መድኃኒት የምትወስዱም ጾም ከመግባቱ በፊት ሰዓቱንና መጠኑን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ፤ ስኳር ወርዶ ሊጥል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ የወጣው ሳምፕሪስ የተባለው የአሜሪካ ጥናት የአንጎል ደም ሥራቸው በጣም ጠቦ ስትሮክ ወይም ቅድመ ስትሮክ (ምልክቱ ቶሎ የሚተው) የገጠማቸውን ሰዎች ተከታትሏል። ስተንት (የጠበበውን ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ከተጨመረላቸው ይልቅ በመድኃኒትና በአኗኗር ለውጥ ብቻ ጠበቅ ያለ ክትትል የተደረገላቸው የተሻለ ውጤት አገኙ። ስለዚህ ያቺን ኪኒን አትናቋት።

አፍ ከጣመመ፣ አንድ ክንድ አልነሳ ካለ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ ወዲያው ወደ ሆስፒታል። በደቂቃዎች ቢተውም ሂዱ፤ ትልቁ ስትሮክ በቀጣዮቹ ቀናት ሊከተል ይችላል። ውኃም ምግብም አትስጡ፣ ትን ሊል ይችላል። አስፕሪንም አይሆንም፤ መርጋት ይሁን መድማት የሚለየው በሲቲ ስካን ነው። መለኪያ ካላችሁ ስኳሩን እዩ፤ የወረደ ስኳርም ስትሮክ ይመስላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሆነ፣ ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የነበረበትን ሰዓት ለሐኪሙ ንገሩ።