የሱቅ ኪራይ ውልና የሃይማኖት ሕግ፦ ከሰሜን ሸዋ ወደ ቨርጂኒያ ለምትመጡ

ሱቅ ለመክፈት የሚነሣ የአገራችን ሰው ሁሉ፣ ከመንዝም ይምጣ ከይፋት፣ «ሃይማኖቴ የማይፈቅደውን ዕቃ አልሸጥም ብል አከራዩን ምን ያገባዋል?» ብሎ ይጠይቀኛል። የሚያበሳጨው አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ ውሉን ከፈረሙ በኋላ መሆኑ ነው። መልሱ አጭር ነው፤ ያገባዋል፣ ያውም ራሳችሁ ስለፈረማችሁለት።

ደብረ ብርሃን ወይም ሸዋ ሮቢት ላይ ሱቅ የተከራየ ሰው ኪራዩን እስከ ከፈለ ድረስ በመደርደሪያው ላይ ስላለው ዕቃ የሚጠይቀው የለም። እዚህ ግን፣ በተለይ በገበያ ማዕከል ውስጥ፣ ውሉ ቤቱ ለምን ሥራ እንደሚውል፣ አንዳንዴም ምን ምን እንደሚሸጥበት ይዘረዝራል። ከመደበኛው ኪራይ በላይ ከሽያጩ መቶኛ የሚወስድ አከራይ ቢራውና ሲጋራው ሲነሣ የራሱ ገቢ ስለሚቀንስ ዝም ብሎ አያይም።

«የሃይማኖት ነጻነት ያለበት አገር አይደለም ወይ?» ለሚሉ፣ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያም ሆነ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የፌዴራል የሃይማኖት ነጻነት ሕግ የሚገድበው መንግሥትን እንጂ ከግል አከራይ ጋር በፈቃዳችሁ የገባችሁትን ውል አይደለም። በቤት ሽያጭና ኪራይ አድልዎን የሚከለክለው እ.ኤ.አ. የ1968ቱ ሕግም የሚመለከተው መኖሪያ ቤትን ነው።

እኔን ያጠመደኝ አባሪው ነው። ሱቁን ከቀድሞው ተከራይ ከነውሉ ስረከብ ዋናው ውል «ምግብ ነክና ልዩ ልዩ ሸቀጥ» ብቻ ይል ነበር፤ ከፊርማው ገጽ በኋላ የተያያዘው አባሪ ግን ቢራ፣ ወይን፣ ሲጋራና ሎተሪ ያለማቋረጥ እንዲሸጥ ያስገድዳል። ሲጋራውን ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ አንሥቼ በርበሬና ሽሮ ስደረድርበት የአከራዩ ወኪል ፎቶግራፍ አንሥቶ ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ ውሉን ጥሰሃል፣ በቀነ ገደቡ ካላስተካከልህ ትለቃለህ የሚል ደብዳቤ መጣ። ሱቁ በኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ) ስም ነው ማለትም አላዋጣም፤ የግል ዋስትና ስለነበረበት የቀሪዎቹ ዓመታት ኪራይ የሚጠየቀው ከእኔው ኪስ ነበር። የተገላገልኩት ጠበቃ ቀጥሬ፣ ኪራይ ጨምሬ፣ የጽሑፍ ማሻሻያ አስፈርሜ ነው። ደላላው «ችግር የለም፣ ከባለቤቱ ጋር ተነጋግረናል» ብሎ ነበር፤ ውሉ ግን ከዚህ ሰነድ ውጪ የተነገረ ቃል ዋጋ የለውም ይላል። እንዲህ ያለው አንቀጽ በአብዛኛው የንግድ ቤት ውል ውስጥ ስለሚገኝ የደላላን ቃል ከቁም ነገር አትቁጠሩት።

ተቃራኒውም አለ። ጎረቤት ሱቅ የሐላል ሥጋ ወይም የመጠጥ ሽያጭ ለብቻው ይዞ ከሆነ፣ አከራዩ እናንተን ያንኑ እንዳትሸጡ ይከለክላችኋል፤ ስለዚህ «ሐላል ብቻ እሸጣለሁ» የሚል የይፋት ሙስሊም ወንድማችን አስቀድሞ ማጣራት ያለበት የጎረቤቶቹን መብት ጭምር ነው።

በደብረ ብርሃን አረቄ አጠገብ ያደግን ብዙዎቻችን ስለ ቢራ ላንጨነቅ እንችላለን፤ የሚጨነቅ ሰው ግን በቨርጂኒያ ግሮሰሪዎች ቢራና ወይን እንደሚሸጡ፣ በሜሪላንድ ግን በአብዛኛው እንደማይሸጡ ይወቅ። ሲጋራና ሎተሪ የሚቀፈው ሰው የነዳጅ ማደያ ሱቅ ፍለጋ ለምን እንደሚሄድ ደግሞ ፈጽሞ አይገባኝም፤ እዚያ ከአከራዩ ሌላ ከነዳጅ አቅራቢው ጋር የሚታሰር ውልም ሊኖር ይችላል።

የማትሸጡትን ዕቃ በስሙ ጠቅሳችሁ ከፊርማ በፊት፣ ገና በዋጋ ስትነጋገሩ አቅርቡ፤ ያን ጊዜ ቤቱን ማከራየት የሚፈልገው አከራዩ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይስማማል። የበዓል መዝጊያንም አብራችሁ አስጽፉ፣ ምክንያቱም በየቀኑ ክፈት የሚል ውል ለስቅለትም ለኢድም አይራራም። ስታስጽፉ የበዓሉን ስም እንጂ ቀኑን አትጻፉ፤ ፋሲካና ኢድ ከዓመት ዓመት ይዘዋወራሉ፣ ጥምቀትም በአንዳንድ ዓመት ጃንዋሪ 19 መሆኑ ቀርቶ 20 ይውላል።