ለፕሌይስቴሽን የሚሆን ቴሌቪዥን ስትገዙ

ለፕሌይስቴሽን 5 ወይም ለኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ የሚሆን ቴሌቪዥን የምትፈልጉ ከሆነ፣ ከስክሪኑ ስፋት በፊት በጀርባው ያሉትን የኤችዲኤምአይ ማስገቢያዎች ተመልከቱ፤ አራት ማስገቢያ ካላቸው ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ 4ኬ (እጅግ ጥርት ያለ) ምስልን በ120 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 120 ጊዜ እየታደሰ፣ የሚቀበሉት በአንዱ ወይም በሁለቱ ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «ሞሽን ሬት 120» ግን የማስታወቂያ ቁጥር ስለሆነ፣ የስክሪኑ ትክክለኛ ፍጥነት 60 ሄርዝ ብቻ ሊሆን ይችላል። ገመዱን በተመለከተ ከኮንሶሉ ጋር የመጣው ይበቃል።

ቴሌቪዥኑ ቤት ከገባ በኋላ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው «ጌም ሞድ» የተባለው የቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ነው። በእግር ኳስ ጨዋታ ላይ ቁልፉን ከተጫናችሁ በኋላ ተጫዋቹ ኳሷን እስኪመታ ድረስ የሚታየው መጓተት፣ አብዛኛውን ጊዜ ቴሌቪዥኑ እንቅስቃሴን ለማለስለስ ምስሉን ሲያቀነባብር የሚፈጠር በመሆኑ፣ ይህ ሞድ ሲበራ መዘግየቱ በጉልህ ይቀንሳል። ቀለሙ መጀመሪያ ላይ ፈዘዝ ያለ ቢመስልም፣ በእኔ እምነት ለፍጥነቱ ሲባል ሊታለፍ የሚገባው ነው።

በአንዳንድ ሞዴሎች ማስገቢያው ሙሉ አቅሙን የሚሰጠው ከሴቲንግ ሲከፈት ብቻ ነው፤ ይህም በሳምሰንግ «ኢንፑት ሲግናል ፕላስ»፣ በኤልጂ ደግሞ «ኤችዲኤምአይ ዲፕ ከለር» ይባላል። ኤችዲአርን (የደማቅና የጨለማ ክፍሎችን ልዩነት አጉልቶ የሚያሳየውን የምስል ቴክኖሎጂ) ከኮንሶሉ ሴቲንግ የምታስተካክሉት ጌም ሞድን ካበራችሁ በኋላ ይሁን።