የእህቴ የሥራ ቪዛ በልደት ቀን ምክንያት ሲመለስ ያደረግነው

ከደብረ ብርሃን ሰነዱን ሁሉ አሟልተን የላክነው ማመልከቻ «የልደት ቀን አይመሳሰልም» ተብሎ ተመለሰ። እናቴ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም።

ወረቀቶቹን ምንጣፍ ላይ ዘርግቼ በጣቴ እየተከተልኩ አነጻጸርኳቸው። እህቴ የተወለደችው ታኅሣሥ 25 ቀን 1990 ነው። ፓስፖርቷ ጃንዋሪ 3 ቀን 1998 ይላል፤ ትክክል ነው። የልደት ምስክር ወረቀቷን የተረጎመው ሰው ግን 7 ዓመት ብቻ ደምሮ 1997 ብሎታል። ልዩነቱ 7 የሚሆነው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ለተወለደ ግን ልዩነቱ 8 ይሆናል። ስንቱ ልጅ በዚህች አንድ ዓመት ተጉላልቷል!

የአያታችን ስም ወልደጻድቅም ፓስፖርቱ ላይ በአንድ ቃል፣ ትርጉሙ ላይ በሁለት ተጽፎ ነበር። ፓስፖርቱን ተርጓሚው ፊት አስቀምጬ፣ ፊደል በፊደል እያየን አስተካከልነው። አዲሱን ትርጉም እንደገና አረጋግጠን አስገባን፤ ቪዛው ወጣ።

በመሀል አንድ ደላላ «ለቪዛና ለቲኬት ክፈሉ» ብሎን ነበር። አልከፈልንም። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ሁለቱም የአሠሪው ወጪ ናቸው።