ሁለተኛው ዳገት ላይ የሚላጥ ቆዳ፦ የቀላል ስኪ ቆዳ ችግርና መፍትሄ

በስኪ፣ ማለትም እግር ላይ በሚታሰር ረጅም የበረዶ መንሸራተቻ፣ ተራራ ስንወጣ ከሥሩ የምንለጥፈውን ረጅም ጥብጣብ «ቆዳ» እንለዋለን። ድሮ በእርግጥም ቆዳ ነበር። ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ «የአቆስጣ ቁርበት» ይሉታል፤ አቆስጣ የተባለውን የባሕር እንስሳ ስሙን መቼም ከኦሪት ዘጸአት እናውቀዋለን። አሁን የሚሠራው ሞሄር ከሚባለው የአንጎራ ፍየል ፀጉር፣ ከናይሎን ወይም ከሁለቱ ድብልቅ ነው። ፀጉሩ ወደ ኋላ ስለተኛ ስኪው ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ወደ ኋላ ግን ይይዛል። በሌላው ጎኑ ሙጫ አለው።

ኮሎራዶ ውስጥ ስኪ እጠግናለሁ። ይሄ ስድስተኛ የበረዶ ወቅቴ ነው። ክብደቱ ቀላል የሆነ ቆዳ የገዙ ሰዎች ይዘውት የሚመጡት ቅሬታ በአብዛኛው አንድ ነው፦ «ሙጫው ሞቷል፣ አዲስ ቀባልኝ።» ቆዳውን ተቀብዬ ክፍል ውስጥ አንድ ሌሊት አሰጣዋለሁ። ጠዋት ሙጫ ለሙጫ አገናኝቼ ስስበው ክንዴን እስኪያመኝ አይላቀቅም። ሙጫው አልሞተም። ረጥቦ ነበር።

የመጀመሪያው ዳገት ላይ ጥሩ ነበር፣ ሁለተኛው ላይ ከጭራው ተላጠ

ምክንያቱ በሙጫውና በስኪው መሃል የገባ በረዶ ነው። ሌላ ምክንያት ከመፈለጋችሁ በፊት ይህን ጨርሱ።

ባለፈው የካቲት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከአውሮራ ተነስተን ሦስት ሆነን በርተድ ፓስ ሄድን። የተራራው መተላለፊያ ራሱ 3,446 ሜትር ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ነፋሱ አይጣል ነው። አንዱ ጓደኛችን የውድድር ዓይነት አዲስ ቆዳ ገዝቷል። ጠባብና ስስ ነው፣ ከአፍንጫው፣ ማለትም ከፊት ጫፉ ብቻ ይያዛል፣ ጭራው፣ ማለትም የኋላ ጫፉ ላይ መቆንጠጫ የለውም። ጫፍ ስንደርስ ቆዳውን ላጠና በረዶው ላይ ጣለው። መነጽሩን አስተካክሎ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ቆዳውን ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ሁለተኛውን ዳገት ስንጀምር ሃያ እርምጃ እንኳ አልሄደም፣ ጭራው ተነሳ። በመዳፉ መታው። እንደገና ተነሳ። ሦስተኛ ጊዜ እስከ መሃሉ ተላጠ። ሙጫውን ሳየው እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ ውርጭ ለብሷል። በውርጭ ላይ ምንም ሙጫ አይይዝም፣ የፈለገ ውድ ይሁን።

ያደረግነው ይሄ ነው። አንደኛው ሰው የቆዳውን ሁለት ጫፍ ወጥሮ ያዘ። የሙጫውን ጎን በስኪው የብረት ጠርዝ ላይ እየጎተትን ውርጩን ፋቅን። አንዴ አይበቃም፤ አራት አምስት ጊዜ። ከዚያ ቆዳው ጃኬት ውስጥ ገብቶ ከሰውነት ጋር አሥር ደቂቃ ቆየ። እስከዚያው የስኪውን ሆድ፣ ቆዳው የሚለጠፍበትን የታችኛውን ጎን፣ በደረቅ ጓንት ጠረግን። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሆዱ ላይ ቀጭን የውሃ ፊልም ካለ የሞቀውም ሙጫ አይይዝም። ከዚያ ከአፍንጫ ወደ ጭራ በመዳፍ እየተጫንን ለጠፍን። ጭራው ላይ የላስቲክ ማሰሪያ ጨመርን። እስከ ማታ ያዘ።

ማሰሪያ ሁልጊዜ ያዙ። ለአንድ ስኪ ሁለት። ጥቂት ግራም ለመቆጠብ ብሎ ማሰሪያ ቤት ትቶ የሚሄድ ሰው ያናድደኛል። ቆዳው እምቢ ካለ ወገብ በሚደርስ በረዶ ውስጥ በእግር ትቀራላችሁ፣ ቀኑም ይመሻል። ፕላስተር ግን አትጠቅልሉ፤ የራሱን ሙጫ ስኪው ላይ ጥሎ ይሄዳል።

መከላከሉ ይቀላል። ጫፍ ላይ ቆዳውን ከመላጣችሁ በፊት ለነፋሱ ጀርባ ስጡ። ግማሹን ላጡና እዚያው ሙጫ ለሙጫ እጠፉት። ቀሪውንም እንዲሁ። ሙጫው በረዶ እንዳያይ። ከዚያ ቦርሳ ሳይሆን ጃኬት ውስጥ! ቀላል ቆዳ ስስ ስለሆነ ነፋስ እንደ ባንዲራ ያውለበልበዋል፤ ስለዚህ አትቸኩሉ።

ማታ ደግሞ ቆዳውን ክፍል ውስጥ ስቀሉት። ምድጃ አጠገብ አይደለም። ማሞቂያ ላይም አይደለም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም አይደለም። አንድ ደንበኛ በእንጨት ምድጃ ላይ ሰቅሎ ያደረቀውን አመጣልኝ። ሙጫው ቀልጦ በጨርቁ አልፎ ፀጉሩ ውስጥ ገብቷል። ቆዳው አንድ ወቅት እንኳ አላገለገለም፤ ምንም ላደርግለት አልቻልኩም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ደርቆም ሞቆም አልይዝ ካለ

በመጀመሪያ የስኪ ሰሙን ጠርጥሩ። ሰም ተቀብቶ በደንብ ሳይፋቅ የቀረ ስኪ ሙጫውን ያበላሻል። ስኪ ጠጋኝ ነኝ የሚል ሁሉ ይህን ማወቅ ነበረበት፤ ብዙዎቹ ግን ዝም ብለው ቀብተው ይመልሳሉ።

ሙጫው በእውነት ሲያልቅ ምልክት አለው። ስትልጡት እንደ ክር ይሳባል፣ ስኪው ላይ ጠብታ እየጣለ ይሄዳል፣ መሃሉ ላይ ራሰ በራ ቦታ ይወጣል። ያኔ ወፍራም ወረቀት ደርቦ በካውያ አሮጌውን ሙጫ ማንሳት፣ ከዚያ አዲሱን ስስ አድርጎ ደጋግሞ መቀባት ነው። አሮጌው ላይ መደረብ ዋጋ የለውም።

ከሥሩ በረዶ ይጋገራል

ፀሐይ ላይ ፀጉሩ ረጠበ፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ ደረቅና ቀዝቃዛ በረዶ ነካ፤ ወዲያው ይጋገራል። እዚህ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የተለመደ ነው። ከቤት ሳትወጡ የቆዳ ሰም ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ እሹበት። መንገድ ላይ ከጀመረ ፋቁና ሰሙን ድገሙ። እግር አታንሱ፣ ጎትቱ።

ወደ ኋላ ያንሸራትታል

ሰውነታችሁን ወደ ፊት አትጣሉ፤ ክብደቱ ተረከዝ ላይ ይሁን። ይህ ካልፈታው ስፋቱን እዩ። መሃሉ 95 ሚሊሜትር የሆነ ስኪ ላይ 60 ሚሊሜትር የውድድር ቆዳ ለጥፎ የተራራ ጎን ማቋረጥ አይሆንም፤ የሚይዘው ጠርዙ ጋ ያለው ፀጉር ነውና። ቆዳ ሲቆረጥ የብረቱ ጠርዝ ብቻ እስኪታይ ድረስ ሆዱን ሁሉ ይሸፍን። ብረቱን ከሸፈነ ደግሞ ጠንካራ በረዶ ላይ ጠርዙ አይነክስም።

የአፍንጫው ቀለበት ከተሰበረ በማሰሪያ አስራችሁ ውረዱ።

ልትገዙ ከሆነ

ንጹሕ ሞሄር ቀላል ነው፣ በደንብ ይንሸራተታል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ናይሎን ይከብዳል፣ ዳገት ላይ ይይዛል፣ ብዙ ይቆያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው 70 በመቶ ሞሄርና 30 በመቶ ናይሎን የሆነውን እመክራለሁ። የጭራ መቆንጠጫ ያለው ይሁን። ሻጩ «መቆንጠጫ አያስፈልግም፣ ይከብዳል» ካላችሁ ነፋስ ባለበት ቀን ስንት ዳገት እንደወጣበት ጠይቁት። መቆንጠጫውን ሱቁ ውስጥ በጓንት ሆናችሁ ከፍታችሁ ዝጉት። በጓንት ካልተከፈተ እዚያው መልሱት።