ትርፍ አንጀት፦ ከቤት እስከ ኦፕራሲዮን ክፍል የምናያቸው ስህተቶች

የምሠራው ደሴ ነው፤ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ትርፍ አንጀት በጊዜ ከተደረሰበት ቀላል ከሚባሉት ኦፕራሲዮኖች አንዱ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ሁለት ቀን በእግሩ ሄዶ ቤቱ ይገባል። ፈንድቶ ከመጣ ግን ሌላ ነገር ነው። መግሉ ሆድ ውስጥ ይሰራጫል፣ ሆድ በሰፊው ተከፍቶ ይታጠባል፣ አልጋ ላይ ሳምንትና ከዚያ በላይ ያስተኛል። የሚሞትም አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ የአንድ ቀን፣ የአንድ ሌሊት ጉዳይ ነው። ያ ሌሊት የት የት እንደሚባክን በየጊዜው ስለማይ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ላይ «ጨጓራዬ ተነሣ» ይባላል። ይህ ብዙም አያስወቅስም። ሕመሙ ሲጀምር እምብርት አካባቢ ነው፤ ቦታው በደንብ አይለይም። ምግብ ያስጠላል፣ ያቅለሸልሻል። ከዚያ ብዙ ጊዜ 24 ሰዓት ሳይሞላ ወደ ታች ወርዶ ቀኝ ጎን ላይ ይቀመጣል። ስህተቱ ሕመሙ ቦታ ከቀየረ በኋላም ጨጓራ ነው ብሎ መቀመጡ ነው። በተለይ ታማሚው ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ከሆነ፣ እህል አልፈልግ ካለና ሲያስል ቀኝ ጎኑን የሚይዝ ከሆነ ማመንታት አያስፈልግም። ሰው ሲመጣ እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ «ባጃጁ ኮብልስቶኑ ላይ ሲነጥር እንዴት ነበር?» ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የመጣ ከሆነ ደግሞ የመንገዱን ጠመዝማዛ እጠይቀዋለሁ። «ኧረ እህቴ፣ ነፍሴ ልትወጣ ነበር» ካለኝ ሐኪሙን ቶሎ እጠራለሁ። በሌላ አገር ያሉ ሐኪሞችም መኪናው የፍጥነት መቀነሻ ላይ ሲነጥር አሞህ ነበር ወይ ብለው ይጠይቃሉ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ታይፎይድ ነው» የምትባለው ነገር!

ሆዱን ያመመው ሰው አንድ ቦታ ይገባል። ደም ይሰጣል። ወረቀቱ ላይ ዊዳል (የታይፎይድ የደም ምርመራ) ፖዘቲቭ ተብሎ ይወጣል። ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክና ማስታገሻ ይዞ ወደ ቤቱ። ሆዱን በእጁ የነካው አንድም ሰው የለም! ዊዳል የሚያሳየው ሰውነት ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። ድሮ ታይፎይድ ይዞት የነበረ፣ የተከተበ፣ ሌላ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ሁሉ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። እንደኛ ታይፎይድ በሚበዛበት አገር ደግሞ ምንም ያላመመው ሰውም ሊወጣበት ይችላል። ስለዚህ ያ ወረቀት ብቻውን ታይፎይድ እንዳለባችሁ አያረጋግጥም። ትርፍ አንጀት እንደሌለባችሁ ደግሞ ጭራሽ አይናገርም።

ከኩታበር በኩል የመጣ አንድ ተማሪ አለ፣ አልረሳውም። አባቱ የላብራቶሪውን ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ይዘዋል። «ታይፎይዱ ሞልቶበታል ነው ያሉን» ይሉኛል። ሕመሙ ከጀመረው አራተኛ ቀኑ ነበር። ልጁ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ በጎኑ ተኝቷል፤ ሆዱ እንደ ጣውላ ደርቋል። ሲከፈት መግል ነው። ተረፈ፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ቁስሉ አመርቅዞ ከረመ፣ የዓመቱ ፈተና አመለጠው፣ አባትየው ለወጪው ጊደር ሸጡ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰው «እስኪ ተኛ፣ ሆድህን ልየው» ብሎት ቢሆን ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። የሙያ ባልደረቦቼ፣ እባካችሁ ወረቀቱን ከማየታችሁ በፊት ሆዱን ንኩ። ታማሚዎችም ሳትፈሩ ጠይቁ፦ «ሆዴን ሳታየኝ አልሄድም» በሉ። መብታችሁ ነው።

ማስታገሻ መርፌ ተወግቶ መተኛት። ዲክሎ የሚባለው መርፌ ሕመሙን ያበርዳል እንጂ የተዘጋውን ትርፍ አንጀት አይከፍትም። ሆስፒታል እኛም ከታየ በኋላ ማስታገሻ እንሰጣለን፣ ምርመራውን አያበላሽም። እዚህ ግን በየሰዓቱ የሚከታተለው ሰው አለ፤ ቤት ማን አለ?

ከሁሉ በላይ ሰውን የምታታልለው «ተሻለኝ» ናት። ትርፍ አንጀቱ ሲፈነዳ ግፊቱ ስለሚቀንስ ሕመሙ ለጥቂት ሰዓታት ጋብ ሊል ይችላል። ሌሊቱን ሲጮኽ ያደረ ልጅ ንጋት ላይ ዝም ሲል ቤተሰቡ ተመስገን ብሎ ቡና ያፈላል። ከሰዓት በኋላ ሆዱ በሙሉ ይነፋል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይጀምራል። መድኃኒት ሳይወስድ፣ ሳይታከም በድንገት ሕመሙ ከቆመ ይዛችሁት ኑ።

ኮሶ፣ ማስቀመጫ መድኃኒት፣ ሆድ ማሳሸት፦ የለም። ያበጠውን ሊያፈነዱት ይችላሉ።

ጠበሉም ዱዓውም አይቅር፤ ከመኪናው ጋር አብሮ ይሁን ነው የምለው።

ስለ ምግብ ግን ከአስታማሚዎች ጋር ሁሌ እንጨቃጨቃለን። ኮሪደሩ ላይ አንዲት እናት ከነጠላዋ ስር ፔርሙዝ አውጥታ ትኩስ አጥሚት በክዳኑ ትቀዳለች። «ባዶ ሆዱን እንዴት ይቀደዳል ልጄ?» ትለኛለች። አንጀቷ ነው የሚናገረው፣ ይገባኛል። «እማማ፣ አብሽሪ፣ ግሉኮስ ይዟል። አሁን ከጠጣ በማደንዘዣው ጊዜ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል» እላታለሁ። ተደብቆ የጠጣም ካለ ንገሩን። አንቆጣም፤ ሳናውቅ ከምናደነዝዘው ብናውቅ ይሻላል።

ሴት ልጅ ታችኛውን ሆዷን ስታመም ከቤተሰቧ ፊት አትጠየቅ። የወር አበባ ቀርቶባት እናቷ ወይም አማቷ አጠገቧ ቆማ ብትጠየቅ እውነቱን አትናገርም። ከማሕፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝናም ቀኝ ጎን ላይ ሊያም ይችላል፤ ደም ውስጥ ለውስጥ እየፈሰሰ ይገድላል። አስታማሚዎች ውጡ ስንላችሁ አትቀየሙን። ነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ማሕፀኑ ሲያድግ ትርፍ አንጀቱን ወደ ላይ ሊገፋው ስለሚችል ሕመሙ ከተለመደው ቦታ ከፍ ሊል ይችላል። ምጥ ነው ብላችሁ ብቻ አትለፉት።

ትንሽ ልጅ የት እንዳመመው አይነግራችሁም። አዛውንት ደግሞ ሕመሙም ትኩሳቱም ላይጎላባቸው ይችላል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ከፈነዳ በኋላ ነው የሚደርሱን።

ስልካቸውን አውጥተው «ያለ ኦፕራሲዮን በመድኃኒት ይድናል ይላል» የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። ውሸት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ፤ 1,552 ታማሚዎች ተሳትፈውበታል። አንቲባዮቲክ ብቻ ከወሰዱት ከአሥሩ ሦስቱ ገደማ በ90 ቀን ውስጥ ኦፕራሲዮን ሆነዋል። እነዚያ ሰዎች ግን መጀመሪያ በምርመራ ተረጋግጦላቸው በሐኪም ክትትል ስር የነበሩ ናቸው። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ቤት መተኛት ከዚህ ጋር ምንም አይገናኝም።

ሌላው ጊዜ የሚበላው ፊርማ ነው። «ታላቅ ወንድሙ ከሐይቅ እስኪመጣ» ይባላል። ሐኪሙ ጨርሷል፣ ክፍሉ ተዘጋጅቷል፣ ወንድምየው መኪና አጥቷል። ለአካለ መጠን የደረሰና አእምሮው ያልሳተ ሰው ለራሱ መፈረም ይችላል። ወንድምየውን በስልክ አነጋግሩት፣ ሲደርስ ደግሞ አልጋው አጠገብ ያገኘዋል።

ከኦፕራሲዮን በኋላ አልጋ ላይ ድርቅ ብሎ መተኛትም ስህተት ነው። «ስፌቱ ይበጠሳል» ብለው ይፈራሉ። ሐኪሙ ከፈቀደ በማግስቱ ተነሥታችሁ ተራመዱ፤ አንጀት ቶሎ ሥራ ይጀምራል፣ እግር ላይ ደም አይረጋም። ሲያስሉ ትራስ ሆድ ላይ ይዞ ማሳል ያግዛል። ቤት ስትገቡ ጄሪካንና እንጨት መሸከም ለጥቂት ሳምንታት ይቅር፤ ስንት ሳምንት እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፣ እንደ አከፋፈቱ ይለያያል። ቁስሉ ላይ ቅቤ አትቀቡ። ከቀላ፣ መግል ካወጣ፣ ትኩሳት ከተመለሰ ወይም ማስመለስ ከጀመረ የቀጠሮው ቀን እስኪደርስ አትጠብቁ። ስትመጡ የመውጫ ወረቀታችሁን ያዙ፤ ተረኛው ሌላ ሰው ቢሆንም ምን እንደተሠራላችሁ ከዚያ ያነባል።